ዲናሞው የሞተበት ታክሲ ፍሬን አለው ወይ?

«ወራጅ አለ!» ከማለት በቀር ስለተሳፈርንበት ሚኒባስ አፍ አውጥተን የምንጠይቀው ነገር የለም። ስለ ትርፍ እንጨቃጨቃለን፤ ስለ መልስ ከረዳቱ ጋር እንተናነቃለን፤ ቴፑ ጮኸብን ብለን እናማርራለን። በሾፌሩ ፊት ለፊት የምትበራዋን ቀይ የባትሪ ምልክት ግን አይተን እንዳላየን እናልፋለን። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለዚህች መብራት ነው።

መብራቷ ቁልፍ ሲዞር ትበራለች፤ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም ማለት ነው። የታክሲ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «ምን አለበት፣ ማታ ቻርጅ ይደረጋል፤ እምቢ ካለም ተገፍቶ ይነሳል» ብሎ ነው የሚያልፈው። አንድ በኩሉ እውነቱን ነው። ዶልፊን የምንለው የናፍጣ ቶዮታ ሃይኤስ ካንዴላ አቃጥሉልኝ አይልም። አንዴ ከተነሳ ናፍጣውን ከፍታ ለምትይዘው መዝጊያ ብቻ ጥቂት ኤሌክትሪክ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል። ሞተሩ አልጠፋማ! ታዲያ ምን ችግር አለ?

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር የፍሬን ሰርቮውን የሚያግዘውን የአየር መሳብ ራሱ ይፈጥራል። የናፍጣ ሞተር ይህ የለውም፤ አየሩን የሚስብለት ለብቻው ፖምፓ ያስፈልገዋል። በእነዚህ በቱ ኤል፣ በስሪ ኤልና በፋይቭ ኤል ሞተሮች ላይ ያ ፖምፓ የተሰካው የት መሰላችሁ? ዲናሞው ጀርባ ላይ! ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ደግሞ የራዲያተሩን የውሃ ፖምፓ ጭምር ያዞራል። ስለዚህ ቺንጋው ሲላላ ወይ ሲበጠስ ባትሪው አይሞላም፣ ውሃው አይዞርም፣ ፍሬኑም አጋዥ ያጣል። ፍሬኑ ጭራሹን አይጠፋም፤ እንደ ድንጋይ ይደርቃል እንጂ። ሾፌሩ በአንድ እግሩ ይይዘው የነበረውን መኪና በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ ለማቆም ይታገላል። ቀይዋ መብራት እንግዲህ የባትሪ ብቻ ሳትሆን የፍሬንም መርዶ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ያቺ መብራት ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎባታል። ሾፌሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ለቆታል፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል። «ልጄ፣ ይቺን ለምን ሸፈንካት?» አልኩት። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው የምትበራው፤ ዓይኔን ወጋችኝ» አለኝ። ስለ ቺንጋውና ስለ ፍሬኑ ነገርኩት። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዛሬ ጋራዥ ባቆማት ገቢውን ማን ይሞላልኛል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ነገሩ ያን ያህል ወጪ እንደሌለው ልናገር።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሰጥ ደህና ነው፤ ከዚያ አልፎ ከተወዛወዘ ይጠበቅ፤ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ሲነሳ የሚያፏጭ ቺንጋ «ላልቻለሁ» እያለ ነው። ለፍሬኑ ደግሞ ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ ረግጦ እንደያዙ ማስነሳት። ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ ፖምፓው፣ ቱቦው ወይም ሰርቮው ራሱ አብቅቶለታል፤ ያ መኪና ሰው መጫን የለበትም። ባትሪውን በቴስተር ለሚለካ፣ ሞተር ሲዞር 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከ13 ከወረደ ዲናሞው ሰንፏል። ታዲያ «ዲናሞ ሞተ» ተብሎ አዲስ ከመገዛቱ በፊት የባትሪው ጫፎች ላይ የጋገረውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ አጥቦ ማጥበቅ ይቅደም። ስንቱ ደህና ዲናሞ በላላ ገመድ ተወንጅሎ ሶማሌ ተራ ተሸጧል! ወደ ዲናሞው የምትሄደውን ቀጭን የዘይት ቱቦም አትርሷት፤ እሷ ካፈሰሰች የሞተሩን ዘይት መንገድ ላይ ትጨርሰዋለች።

የማፍላቱን ነገር ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ታብሰዋለች። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዘው ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ነው። ክዳኑ ጠፍቶ ጨርቅ ወይም ፌስታል የተወተፈበት ሚኒባስ ዳገት ላይ ቢንፈቀፈቅ ምን ይገርማል? እንደፈላ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቸልሱበት ደግሞ ቴስታታውን ያሰነጥቁታል፤ ያኔ የክዳን ዋጋ የሞተር ዋጋ ይሆናል።

ፊውዙን አውጥቶ የሲጋራ ወረቀት የሚጠቀልልበትንስ ምን እንበለው? ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በቃ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ይፈልጋል። ሾፌሩና ረዳቱ ከዚያ የተረፈውን ይካፈላሉ። መኪናዋ ግማሽ ቀን ብትቆም የሚከስረው ሾፌሩ ነው፤ ሞተሩ ቢነክስ ግን የሚከስረው ባለንብረቱ። እናም ሾፌሩ መብራቷን ይሸፍናል፤ ባለንብረቱም ቤቱ ተቀምጦ ገቢውን ይቆጥራል። የዓመቱ ምርመራ ያድነናል እንዳንል፣ ለዚያች ቀን ጎማና ባትሪ ተውሶ የሚቀርብ መኖሩን የማያውቅ የታክሲ ሰው የለም። ቦሎ ተለጥፎ ሲመለሱ ጎማው ለጌታው!

መንግሥትም ቢሆን እጁ ንጹሕ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ሲጭን ዓላማው ያረጁት እንዳይገቡ ነበር። ይሁን። ግን አዲሱን የሚገዛ አቅም ሳይፈጠር የአሮጌው በር ሲዘጋ፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ መንገድ ላይ መክረሙ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተባለ። የኤሌክትሪኩ ሚኒባስ ብቅ ብቅ ማለቱ ደግ ነው፤ እስኪበዛ ድረስ ግን ሕዝቡን የሚያመላልሰው ያው ዶልፊን ነው። ተራ ለማስከበርና ታፔላ ለመቆጣጠር ሰው የማይጠፋበት ከተማ፣ ጠዋት ተራ ላይ በተሰለፈ ሚኒባስ የፍሬን ፔዳል ለማስረገጥ ሰው ይጠፋል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ።

ባለንብረቶችም ብትሆኑ በወር አንድ ቀን ግማሹን ገቢ ማሩና መኪናችሁ ጋራዥ ትዋል። የቺንጋና የፊውዝ ወጪ የእናንተ ይሁን፤ ከሾፌሩ አትቁረጡ።

ጋቢና የምትሳፈሩ አንባቢዎቼ ደግሞ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቀይዋ መብራት መጥፋቷን እዩ። ካልጠፋች ለሾፌሩ በደህና ቃል ንገሩት። ፕላስተር ከተለጠፈባት ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ውረዱ፤ ሂሳባችሁንም ከረዳቱ ተቀበሉ።