ልጅን የሚጠብቀው ዝምታ አይደለም

ከጭፍራ ወደ ምዕራብ ብንወጣ ወሎ ነው። በዚያ፣ ጃሪ በተባለ ቦታ፣ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ለወላጅ አልባ ልጆች መንደር ተሠርቶ ነበር። የመንደሩ ኃላፊ የነበረ የውጭ ዜጋ በልጆቹ ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸሙ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት ፈረደበት። የታመነን ሰው ማን ይጠረጥራል?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን በደል ለዘመናት ስትሸፍን ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ካህናትና መነኮሳት የሰሙትን ጥቃት ለበላዮቻቸው እንዲያመለክቱ በሕግ አስገደዱ።

እኛስ? እንደ ጭፍራ ባለ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት በይቅርታ ተሸፍኖ እንዲቀር ይፈለጋል። ንስሐ የገባን ይቅር ማለት ተገቢ ነው፤ መልሶ ልጆች መካከል ማስቀመጥ ግን ይቅርታ አይደለም። ድርጊቱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ከልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ አይቀመጥ። ልጅ ሲነግረን “ዋሸህ” አንበለው፤ ለፖሊስ እናመልክት።

ጌታችን ልጆችን የከለከሉበትን ደቀ መዛሙርት ተቆጥቷል (ማር. 10፥14)። ልጅን በቤቱ ውስጥ የሚጎዳ ከእነርሱ የባሰ ከልካይ ነው።