እስክስታ በትከሻ ነው



«ዓይነ ስውር ከሥነ ጥበብ ክፍል ምን ይሠራል? እግሩ የማይሄድስ ከጭፈራ ምን አለው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ እስክስታ የሚወረደው በምንድን ነው? አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም በሆኑበት በወሎ ምድር ይህ ጥያቄ መነሣቱ ያሳፍራል!

የቀድሞው ዜማ ቤት ዓይነ ስውሩን «አታይምና ተመለስ» አላለውም። ዜማው በቃል ይጠናልና ስንቱ ዓይነ ስውር መሪጌታ ሆኖ፣ ወንበር ዘርግቶ፣ ዓይናማዎችን አስተማረ። (በጆሮ የሚሄድ ትምህርት ነበርና መስማት ለተሳነው አልሆነም፤ ይህንም አንሸፍን።) ዛሬ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ገብቷል። ነገር ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥሎ «ገልብጡ» ካለ፣ ዓይነ ስውሩ ልጅ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምን ያድርግ? ጭቃ ስጡት፤ በእጁ ይቅረጽ! መስማት የተሳናት ልጅ መዳፏን ከከበሮው ቆዳ ላይ ታኑር፤ ምቱን ታገኘዋለች። ይህ ስንት ብር ይጠይቃል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 30 የጥበብ ተሰጥዎን ስለ ማዳበር በግልጽ ይናገራል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በመርሳና በወልድያ ካለፈ ወዲህማ አካሉ የጎደለ ወጣት የሩቅ ሰው አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው።

እንግዲህ ከራሳችን እንጀምር። የሙዚቃና የቲያትር ክበቦቻችን ልምምድ ፎቅ ላይ ከሆነ ወደ ምድር ይውረድ፤ የአባልነት መዝገቡም ለወልድያና ለሀብሩ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ይከፈት። በጭብጨባ ለማዘን የሚመጣ ተመልካች ግን እቤቱ ይቅር!