ዓሣው ሲሞት ገበያውም አብሮ ይሞታል

በአዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ ለመግዛት ወደ ሱቅ ጎራ የሚል ሰው የዓሣውንና የመስታወት ገንዳውን ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ስለ ውሃው ግን አይጠይቅም፤ ሻጩም አይነግረውም። ዓሦቹ አንድ በአንድ መንሳፈፍ ሲጀምሩ አንዱ ወዳጁ «የቧንቧው ውሃ ነው የፈጃቸው» ይለዋል። ባለዓሣውም ባለ 20 ሊትር የታሸገ ውሃ ማስጫን ይጀምራል።

ሂሳቡን ማስላት አይከብድም። 200 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ በየሳምንቱ አንድ አምስተኛው ቢቀየር 40 ሊትር ይፈልጋል። ይህም ሁለት ባለ 20 ሊትር ማለት ነው። በዓመት 104 ይሆናል። ገዢው ይህን ቁጥር በሠፈሩ የውሃ ዋጋ ያባዛውና ከዓሦቹ ዋጋ ጋር ያስተያየው።

ሁለተኛው መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ ቤት ውስጥ መትከል ነው። ይሁንና ብዙዎቹ የቤት ማጣሪያዎች አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ይደፋሉ። ለሳምንቱ 40 ሊትር ሲባል 120 ሊትር ወደ ፍሳሽ ይወርዳል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ሮቶ ሞልቶ ማደር ዕድል በሆነበት ከተማ ይህ ትንሽ ኪሣራ አይደለም። ተረፉ ውሃ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ካልዋለ በቀር ማጣሪያው አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ለመሆኑ ዓሣው የሚፈልገው የተጣራ ውሃ ነውን? አብዛኛው የጌጥ ዓሣ አይፈልግም። ማጣሪያው ከቆሻሻው ጋር ማዕድኑንም ስለሚያወጣ የውሃው አሲድነት በቀላሉ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ማዕድኑ ተመልሶ መጨመር አለበት። በእርግጥ የባሕር ኮራል የሚያረባ ወይም ዲስከስ የተባለውን የአማዞን ዓሣ የሚያራባ ሰው ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ለጋፒና ለወርቅ ዓሣ ግን ከመጠን ያለፈ ወጪ ነው።

የቧንቧ ውሃ ዋነኛ ችግሩ ክሎሪኑ ነው። ይህንንም አየር በሚነፋ ፓምፕ አንድ ቀን ማሳደር ወይም ሶዲየም ቲዮሰልፌት በልኩ መጨመር ያስወግደዋል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ የማዕድን ይዘታቸው አንድ ስላልሆነ ደግሞ ገዢው የሠፈሩን ውሃ አስመርምሮ የሚስማማውን ዓሣ ቢመርጥ ይሻለዋል።

አዲስ ገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዓሣ የሚፈጀው ከዓሣው ኩስና ከተራረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያውን የሚያመክኑት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ገንዳውን በመጀመሪያው ቀን በዓሣ የሞላ ሰው ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አይድንም።

ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ አሥር ዓሣ ይሸጥ ይሆናል። ዓሣ የሞተበት ደንበኛ አንዴ ተመልሶ ይገዛል፤ ሁለተኛ ሲሞትበት ግን ገንዳውን የአበባ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ወደዚህ ንግድ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብትም ከውሃ ማሸጊያ መኪና ይልቅ የውሃ መመርመሪያውን፣ የክሎሪን ማጥፊያውንና ቤት ድረስ ሄዶ ገንዳ የሚንከባከብ ሠራተኛን ቢያስብ ያዋጣዋል። በዚህ ንግድ ደንበኛን የሚያቆየው ዓሣው በሕይወት መቆየቱ ነውና።