የደበቅሁት ደረሰኝ

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት አሮጊት ድመት ነው። «ስንት የትዳርና የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ እያለ ስለ ድመት ይጻፋል ወይ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ባለቤቴም መጀመሪያ ላይ ያለኝ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከድመት ይጀምር እንጂ የሚያርፈው በባልና በሚስት መካከል ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነው። ሁለታችንም ያደግነው ድመት አይጥ እንድትይዝ በምትቀመጥበት፣ የተረፈ እንጀራ በምትበላበት ቤት ነው። ድመት ሐኪም ቤት ትወሰዳለች ብሎ የነገረን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጃችን ከጎረቤት አንዲት የድመት ግልገል ታቅፋ መጣች። «ውሮ» አልናት። ውሮና ልጃችን አብረው አደጉ። ልጃችን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ውሮ እኛ ዘንድ ቀረች። ቤቱ ጭር ካለ በኋላ ማታ ከሥራ ስንገባ በር ላይ የምትቀበለን እርሷ ብቻ ነበረች።

«እርጅና ነው» ያልነው ነገር

በ2022 መጀመሪያ ላይ፣ ውሮ 15 ዓመት ሲሆናት፣ የውኃ ሳህኗ ቶሎ ቶሎ ባዶ ሆኖ እናገኘው ጀመር። የምትጸዳዳበት አሸዋም ከወትሮው እጥፍ ይረጥብ ነበር። ፀጉሯ ደበዘዘ፤ ጀርባዋን ስንዳብስ አጥንቷ እጃችንን ይነካን ነበር። «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው። ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ስትጀምር ግን ይዣት ሄድኩ።

የእንስሳት ሐኪሟ ደሟንና ሽንቷን መረመሩ፣ የደም ግፊቷን ለኩ። ክሬቲኒን የሚባለው መለኪያ 3.4 ሆኖ ተገኘ። «ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው፤ ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ናት» አሉኝ። በዕድሜ በገፉ ድመቶች ላይ እጅግ የተለመደ ሕመም መሆኑንም ነገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩላሊት ደምን የሚያጣሩ ብዙ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እነዚህ ማጣሪያዎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የጠፋው ተመልሶ አይተካም። የቀሩት ሥራውን ተሸክመው ስለሚቀጥሉ ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም። ጥማቱና ሽንቱ የሚበዛው ከኩላሊቱ አቅም ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ካለቀ በኋላ ነው። ክሬቲኒን ከልኩ የሚያልፈው ደግሞ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ሲጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ኤስዲኤምኤ የሚባል የደም ምርመራ ስላለ ሕመሙን ከዚያ ቀደም ብሎ ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ ቤታችሁ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ያለፈች ድመት ካለች በዓመት አንድ ጊዜ ደሟና ሽንቷ ቢታይ መልካም ነው።

የድመት ዘር በደረቅ አገር ከሚኖር የዱር ድመት የመጣ ነው። ውኃ ቆጥባ ሽንቷን አወፍራ ማስወጣት ተፈጥሮዋ ነው። ድመታችሁ በድንገት ውኃ ወዳድ ስትሆን «አምሯት ነው» አትበሉ። ኩላሊቷ ውኃውን መያዝ ስላቃተው የሚፈስሰውን ለመተካት ነው የምትጠጣው። አሸዋው በዛ ብላችሁም ውኃ እንዳትከለክሏት፤ ይጎዳታል።

ደረሰኙ

የዚያን ቀን ደረሰኝ 430 ዶላር ይል ነበር። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ባለቤቴ «ምን አሉሽ?» ሲለኝ «ኩላሊቷን ነው፣ ምግቧን ቀይሩላት ነው ያሉት» አልኩት። የነገርኩት እውነት ነበር፤ ገንዘቡን ግን አልነገርኩትም።

ለምን ደበቅሁት? በዚያው ሰሞን የባለቤቴ የአክስት ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደርግ ነበር። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ ያላገኘ ሰው ተስፋው እጥበቱ ነው፤ እጥበቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ዘመድ አዝማድ በቴሌግራም ተሰባስቦ ያዋጣ ነበር፤ እኛም በየወሩ እንልካለን። እንግዲህ በዚህ መካከል «ለድመት ኩላሊት 430 ዶላር ከፈልኩ» ብዬ በምን አፌ ልናገር?

በወሩ መጨረሻ የባንኩ ዝርዝር ሲመጣ ባለቤቴ አየው። «ወንድሜ ለኩላሊቱ ሰው ይለምናል፤ አንቺ ለድመት ኩላሊት ይህን ሁሉ ታወጪያለሽ? ደግሞ ደብቀሽኝ!» አለኝ። እኔም አላረፍኩም። «አንተ እኮ ስትታመም እንኳ አላየሃትም!» አልኩት። ሁለት ቀን በአንድ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ሰው ተላለፍን።

በሦስተኛው ቀን አማቴ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም። «ልጄ፣ እዚያ አገር ለድመት ግሉኮስ ይሰቀላል አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። «እውነት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ረጅም ሳቅ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «ያሳደጉትን በሽተኛ መጣል ደግ አይደለም። ግን ባልሽን አትደብቂው፤ እሱ ነው የከፋው» አሉኝ።

ያን ማታ ቡና አፍልቼ ደረሰኙን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ፈርቼ ነው» አልኩት። ባለቤቴም ጥቂት ዝም ብሎ «እኔም ብትነግሪኝ ኖሮ በጥሩ ቃል አልመልስልሽም ነበር» አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። አስቀድመን ለአገር ቤት የሚላከውን ጻፍን፤ እርሱ እንዳይነካ ተስማማን። ከዚያ ለውሮ በወር 100 ዶላር መደብን። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤት መብላት ስንተው ገንዘቡ ተገኘ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ነገር ከመጣ አንዳችን ብቻችንን እንዳንወስን ተነጋገርን።

ይህንኑ ልካችንን ለሐኪሟ ነገርናቸው። አፍሬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ደስ አላቸው። «ልካችሁን ካወቅሁ የሚጠቅማትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ» አሉን። እናንተም ለሰው ይሁን ለእንስሳ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አቅማችሁን መናገር አትፈሩ።

በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ ሥራ

ይህ ሕመም አይድንም። ነገር ግን በጊዜ ከተደረሰበትና ከተያዘ ድመቷ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት በደህና ትኖራለች። እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ምግብ ነው። ፎስፈረስ የሚባለው ማዕድን ሲበዛ የደከመውን ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ፎስፈረሱ የተቀነሰ፣ ፕሮቲኑም የተመጠነ ለኩላሊት ሕመም የተዘጋጀ ምግብ አለ። በአንድ ቀን አይቀየርም፤ ከቀድሞው ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ በሳምንታት ውስጥ ያለማምዷታል። እምቢ ካለች በረሃብ አታስገድዷት። ድመት ለጥቂት ቀናት ጨርሶ ካልበላች ጉበቷ ይታመማል። ለብ አድርጎ መስጠት ሽታው እንዲስባት ያደርጋል። ከገበታችን ወጥ መስጠቱን ግን አቆምን፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ሰፋ ያሉ ሳህኖች በሦስት ቦታ አኖርን። የታሸገ እርጥብ ምግብም ከደረቁ ይልቅ ውኃ ይሰጣታል።

ሦስተኛው የደም ግፊት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባት ድመት ግፊቷ ሊጨምርና በድንገት ልትታወር ትችላለች። ሐኪሟ አምሎዲፒን አዘዙላት። አማቴ «የእኔን መድኃኒት?» ብለው እንደገና ሳቁ። ዓይነቱ አንድ ቢሆንም መጠኑ ሌላ ነው፤ ከሰው መድኃኒት ቆርሳችሁ እንዳትሰጡ አደራ። በተለይ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

አራተኛው ያ አማቴን ያሳቃቸው ግሉኮስ ነው። በእርግጥ ግሉኮስ ሳይሆን ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ ነው። ለውሮ የታዘዘላት በየሁለት ቀኑ 100 ሚሊ ሊትር ነበር። ከረጢቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆይተን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። በትከሻዎቿ መካከል ያለውን ቆዳ ብድግ አድርገን መርፌውን ከሥሩ እናስገባለን። ፈሳሹ እንደ ትንሽ ከረጢት ይቋጠርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ሰውነቷ ይሰርጋል። ልቧ የታመመ ድመት ላይ ፈሳሽ ጉዳት ስለሚያመጣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግም።

እኔ መርፌ አይሆንልኝም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። መርፌውን የያዘው ባለቤቴ ነበር! የመጀመሪያ ቀን ቆዳዋን በስቶ በሌላ በኩል አወጣውና ሸሚዙ በፈሳሽ ራሰ። ውሮ ዞራ አየችው፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በሳምንቱ ግን ለምዶት እኔ በፎጣ ይዣት እርሱ እያባበላት በአምስት ደቂቃ እንጨርስ ነበር። ያቺ አምስት ደቂቃ ለእኛም ጠቀመችን። ቀኑን ሙሉ በየሥራችን ውለን ማታ ጎን ለጎን ወለል ላይ ስንቀመጥ ሌላም ሌላም እናወራ ጀመር።

መቼ ነው የሚበቃው?

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በየእሑዱ በሕፃናት ሚዛን እንመዝናት ነበር። የምግብ ፍላጎቷ ሲቀንስ ሐኪሟ በጆሮዋ ውስጥ የሚቀባ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ቅባት ሰጡን፤ ለጥቂት ወራት ረዳት። በ2024 መጀመሪያ ላይ ግን እርሱም አልሠራ አለ።

ሐኪሟ ቀደም ብለው አንድ ነገር መክረውን ነበር። «ድንገት ሲከፋ ከምትወስኑ ዛሬ ረጋ ብላችሁ ምልክቶቻችሁን ጻፉ» ብለውናል። እኛም ሦስት ጥያቄ ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈን ነበር። በራሷ ትበላለች? ፀጉሯን ትልሳለች፣ ወደ እኛስ ትመጣለች? በሳምንቱ ውስጥ መልካሙ ቀን ከክፉው ይበዛል? ባለቤቴ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ መልካሙን ቀን በሰማያዊ፣ ክፉውን በቀይ ያከብብ ነበር። በየካቲት ወር ቀዩ በዛ።

ቢሆንም ቀላል አልነበረም። «ሕይወት የማጥፋት መብት አለን ወይ?» የሚለው ጥያቄ ባለቤቴን ከብዶት ሰነበተ። እኔ ደግሞ «ነገ ይሻላት ይሆናል» እያልኩ ቀን እገፋ ነበር። አብረን ጸለይን፤ ሐኪሟንም ጠየቅን። እርሳቸውም «ኩላሊቷ ጨርሶ ሲያቆም የሚጠብቃት ማቅለሽለሽ፣ ረሃብና ድካም ነው። ከዚህ በኋላ ቀን የምትጨምሩላት ለእርሷ ይሁን ለራሳችሁ እስቲ ተነጋገሩ» አሉን። ያን ማታ ባለቤቴ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ለሦስቱም መልሳችን «የለም» ነበር።

ለልጃችን እውነቱን ነገርናት። «ከሆነ በኋላ እንንገራት» ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን «ሌላ ደረሰኝ አንደብቅ» አለኝ። ልጃችን በአውቶቡስ መጣች፤ ሌሊቱን ውሮን ታቅፋ አደረች። በማግሥቱ ሐኪሟ በመጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ሰጧት። ጭንቅላቷ ባለቤቴ መዳፍ ላይ ነበር። 17 ዓመቷ ነበር።

ወገኖቼ፣ አገር ቤት ያለው ወንድማችን ዛሬም በእጥበት ላይ ነው፤ በወሩ የሚላከው አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ውሮ ከሞተች በኋላ መቶው ዶላር ወዴት ይሂድ ስንል ባለቤቴ ቀድሞኝ «ወደ እርሱ ይጨመር» አለ።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ የማይድን ግን የሚያዝ ሕመም ይኖር ይሆናል፤ የእናት የደም ግፊት፣ የአባት ስኳር፣ ወይም እንደ እኛ የአሮጊት ድመት ኩላሊት። ማታ ቡና አፍሉና አቅማችሁን በወረቀት ላይ አስቀምጡ። ማን መርፌ ይይዛል፣ ማንስ ፎጣ ይይዛል? ተከፋፈሉ። ቦርሳ ውስጥ የታጠፈ ደረሰኝ ካለም ከቡናው በፊት ይውጣ።