ቡናና ቲማቲም ምን አገናኛቸው?

ካርል ሊኔየስን ብትጠይቁት «አንድ ክፍል ናቸው» ይላችኋል። ስዊድናዊው ሊቅ በ1735 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥርዓት ዕፅዋትን በ24 ክፍል የደለደለው በዋናነት የአበባቸውን ወንዴ አካላት እየቆጠረ ነው። ቡና አምስት፣ ቲማቲም አምስት፤ አንድ ላይ ግቡ! ሮዝመሪ ሁለት፣ በሶብላ አራት፤ ተለያዩ! ሮዝመሪና በሶብላ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ይሄን ሰምቶ የሚስቅ አለ። እኔ ግን ለሰውየው እከራከርለታለሁ። የሱ ዘዴ መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ፣ አበባ ቀጥፎ የሚሠራበት ነበር። ዕውቀትን ከጥቂት ሊቃውንት እጅ አውጥቶ ለብዙዎች ሰጠ። ደግሞም ሥርዓቱ ለመፈለጊያ የተበጀ ሰው ሠራሽ ነገር መሆኑን ራሱ ሊኔየስ አልካደም። በ1789 ፈረንሳዊው ጁሲዩ ብዙ ባሕርያትን አንድ ላይ መዝኖ ወደ እውነተኛው ዝምድና የቀረበ ምደባ አወጣ።

ስለዚህ ጥፋቱ ማቅለሉ አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ለመፈለጊያ የተለጠፈውን ምልክት ማንነት አድርገን ስንወስደው ነው። ለልጆቻችን ምደባ ስናስተምር «ይሄ የዚህ ክፍል ነው» ብለን ብቻ አንለፍ። «በምን ተለይቶ? ማን ለየው? ለምን ጉዳይ?» ብለው እንዲጠይቁም እናስተምራቸው።

ሩቅ ሳንሄድ ቡናችንን እንይ። ሊኔየስ በ1753 «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ መዘገበው፤ የዓረብ ቡና እንደ ማለት ነው። ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ በቅሎ የሚገኘው ግን በዋናነት እዚሁ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው።

ስም መጥሪያ ነው እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም።