ሦስት ጊዜ ተመርጦ አንድ ጊዜ የገባ እንደራሴ

ባለፈው ሰሞን ስለ ምርጫ ሳስተምር አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፤ «መምህር፤ ሕዝብ መርጦ የላከውን ሰው ምክር ቤቱ አንቀበልህም ቢለው የማን ቃል ይጸናል? የመራጩ ነው ወይስ የምክር ቤቱ?» ሲል ጠየቀኝ። ደወል ስለ ተደወለ መልሱን ለማግሥቱ አሳደርኩት። እውነቱን ለመናገር ደወሉ ባይደወልም ኖሮ ወዲያው የምመልሰው አልነበረም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስብበት ግን ከሕግ ትርጓሜ ይልቅ የአንድ ሰው ታሪክ ነገሩን እንደሚያስረዳ ተገነዘብኩ። ለተማሪዎቼ የነገርኳቸውን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ከዚህ በታች የምታዩት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየው ጁልያን ቦንድ ይባላል። በ1940 ዓ.ም. ጃንዋሪ 14 ቀን በአሜሪካ፤ በቴኔሲ ግዛት፤ በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አያቱ በባርነት የተወለዱ ሰው ሲሆኑ ስማቸው ጄምስ ቦንድ ነበር። (በሲኒማ ቤት የምታውቁት ሰላይ አይደሉም፤ ሳቃችሁን ቀንሱ።) አባቱ ዶክተር ሆራስ ማን ቦንድ ደግሞ የታወቁ ምሁርና የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እንግዲህ ከባርነት እስከ ኮሌጅ ፕሬዚዳንትነት ያለው መንገድ በአባትና በልጅ ብቻ የተሄደ መሆኑን ልብ በሉ።

ጁልያን በአትላንታ ከተማ ሞርሃውስ በሚባለው ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በ1960 የጥቁሮች የመብት ትግል ተቀሰቀሰ። ነጮች ብቻ ይስተናገዱበት በነበረው በአትላንታ ማዘጋጃ ቤት ምግብ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ እንስተናገድ በማለቱ ታሰረ። በዚያው ዓመት የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ቆይቶም የኮሚቴው የማስታወቂያ ኃላፊ ተደረገ። ሥራው ስልክና የጽሕፈት መኪና ነበር፤ በየገጠሩ ማን እንደ ታሰረ፣ ማን እንደ ተደበደበ እየጻፈ ለጋዜጠኞች ያደርስ ነበር። ለዚህም ሲል ትምህርቱን በ1961 አቋረጠ፤ ዲግሪውን ያገኘው በ1971 ነው። ይህን የምጽፈው ታሪክ ስለ ሆነ እንጂ ተማሪዎቼ እንዲከተሉት አይደለም።

አሁን ጥቂት ሒሳብ ታገሡኝ፤ ያለ ሒሳቡ ምርጫው አይገባም። የጆርጂያ ግዛት በ159 ካውንቲዎች የተከፈለች ናት። የግዛቲቱ የእንደራሴዎች ምክር ቤት በቀድሞው ሥርዓት 205 አባሎች ነበሩት። ብዙ ሕዝብ ያላቸው 8 ካውንቲዎች ሦስት ሦስት፤ ቀጥሎ ያሉት 30ዎቹ ሁለት ሁለት፤ የቀሩት 121 ደግሞ አንድ አንድ እንደራሴ ይልኩ ነበር። በ1960 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፤ አብዛኛው የአትላንታ ክፍል የሚገኝበት ፉልተን ካውንቲ 556,326 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ኤኮልስ የሚባለው ትንሽ ካውንቲ ግን 1,876 ብቻ። ሦስቱን ለአንዱ አካፍሉና እዩት፤ የአንድ የኤኮልስ ገበሬ ድምፅ 99 ያህል የአትላንታ ሰዎችን ድምፅ ይመዝን ነበር ማለት ነው። በከተማው ደግሞ ጥቁሩ ሕዝብ ብዙ ነበር። ይህ አከፋፈል በአጋጣሚ የቆየ እንዳይመስላችሁ፤ ሥልጣን በእጃቸው የነበረው ሰዎች ወንበራቸውን ያገኙት በእርሱ ነበርና ሊለውጡት አይሹም ነበር። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየግዛቱ ያሉት ምክር ቤቶች ወንበር በሕዝብ ብዛት መከፈል አለበት ብሎ ስለ ፈረደ በአትላንታ አዳዲስ የምርጫ ወረዳዎች ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ 136ኛው ነው።

ቦንድ በ25 ዓመቱ በዚህ ወረዳ ተወዳደረ። በወረዳው 6,500 ያህል መራጮች ሲኖሩ 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞረ፤ በር እያንኳኳ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። በ1965 ጁን 15 ቀን በተደረገው ምርጫም 2,320 ድምፅ አገኘ፤ ተወዳዳሪው 487። ታዲያ ነገሩ ሁሉ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም፤ እናንተም የሰውየውን ስም ባልሰማችሁ ነበር።

ምክር ቤቱ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፤ ማለትም በ1966 ጃንዋሪ 6 ቀን፤ የተማሪዎቹ ኮሚቴ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ። በባሕር ማዶ ስለ ነፃነት እንዋጋለን የሚለው መንግሥት በገዛ አገሩ የጥቁሮችን ነፃነት አላስከበረም፤ ለውትድርና ጥሪ እምቢ ለሚሉትም ወጣቶች እናዝናለን የሚል ነበር። መግለጫውን ሲያረቅቁት ቦንድ አልነበረበትም። ነገር ግን አንድ ጋዜጠኛ በስልክ ደውሎ ትስማማበታለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው፤ አዎን እስማማለሁ አለ። እናንተ በቦታው ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ገና ወንበር ያልያዘ ሰው «አላነበብኩትም» ወይም «ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት» ማለት ይችል ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን ይህን መልስ በቃሉ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እሱ ግን አላለም።

ሰኞ ጃንዋሪ 10 ቀን እንደራሴዎቹ ለቃለ መሐላ ተሰበሰቡ። ሰባ አምስት አባሎች ቦንድ እንዳይገባ የተቃውሞ ማመልከቻ ስላቀረቡ የምክር ቤቱ ጸሐፊ መሐላውን ከለከለው። ሌሎቹ ቆመው ሲምሉ እሱ በወንበሩ ተቀምጦ ቀረ። በዚያው ዕለት ኮሚቴ ተቋቁሞ ጉዳዩ ተሰማ። ቦንድ ማንንም የውትድርና ካርድህን አቃጥል ብዬ አልመከርኩም፤ የራሴም ካርድ ይኸው በኪሴ ነው፤ ከፈለጋችሁ አወጣዋለሁ አለ። ነገር ግን ያለውን አላጠፈም። ድምፅ ሲሰጥ 184 ሰዎች አይግባ፤ 12 ሰዎች ይግባ አሉ።

የከሳሾቹ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እንደራሴ የአሜሪካንን ሕገ መንግሥት እደግፋለሁ ብሎ ይምላል፤ ይህ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከተናገረ መሐላው ከልብ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ለመማል የተገባ አይደለም፤ የተገባ መሆኑንና አለመሆኑን የሚወስነውም ምክር ቤቱ ራሱ ነው አሉ። ጥቁር ስለ ሆነ አይደለም ማለትንም አልረሱም። ይሁን እንጂ ያው የጆርጂያ ምክር ቤት በ1868 ጥቁር እንደራሴዎችን፤ ሕጉ መምረጥን እንጂ መመረጥን አልፈቀደላችሁም በሚል ምክንያት አስወጥቷቸው ነበር፤ የተመለሱትም በ1870 የማዕከላዊው መንግሥት እጅ ከገባበት በኋላ ነው። ስለዚህ በ1966 በሰገነቱ ላይ ሆነው ይመለከቱ የነበሩ ጥቁሮች ነገሩን በሌላ ዓይን ቢያዩት አይፈረድባቸውም።

ቦንድ ጠበቃ ይዞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም የዚያው ወረዳ ነዋሪና መራጭ ስለ ነበሩ አብረውት ከሳሽ ሆኑ። ይህ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚደንቀኝ ነው፤ ምክንያቱም ወንበሩን ያጣው ቦንድ ብቻ ሳይሆን ወኪላቸው የተወሰደባቸው መራጮችም ነበሩ። ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ሁለት ለአንድ ሆኖ ፈረደበት።

ይግባኙ ገና ሳይታይ ክፍት ለሆነው ወንበር በፌብሩዋሪ 23 ቀን ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ሕዝቡ ማንን መረጠ? ቦንድን! በሜይ ወር ደግሞ የምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጠርቶ ቃልህን ታጥፋለህ ወይ ቢለው አላጥፍም አለ፤ እነርሱም እንደገና አትገባም አሉት። መደበኛው ምርጫ ደረሰ፤ በመጀመሪያ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ አሸነፈ፤ ኋላም በኖቬምበር 8 ቀን ሕዝቡ ለሦስተኛ ጊዜ መረጠው። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመርጦ አንድም ቀን በወንበሩ አልተቀመጠም ማለት ነው።

በዲሴምበር 5 ቀን 1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ለቦንድ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን ናቸው። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ምክር ቤቱ አባሎቹን ቃለ መሐላ ማስማል ይችላል፤ ነገር ግን በሕግ የተመረጠ ሰው መሐላውን ከልቡ ይምላል ወይስ አይምልም እያለ ብዙኃኑ የሰው ልብ መርማሪ ሊሆን አይችልም። እንደ ማንኛውም ዜጋ መንግሥትን መንቀፍ ይፈቀድለታል። እንዲያውም እንደራሴ የሆነ ሰው በሚያከራክሩ ጉዳዮች አቋሙን መግለጽ ይገባዋል፤ አለዚያ መራጩ ማንን እንደ መረጠ በምን ያውቃል?

በጃንዋሪ 9 ቀን 1967 ቦንድ ማለና ተቀመጠ። የሚያስቀው ነገር በማግሥቱ የሆነው ነው። በ1966ቱ የአገረ ገዥ ምርጫ ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላላገኘ ምርጫው ለግዛቲቱ ሕግ አውጪ ተላልፎ ነበር፤ እርሱም ሌስተር ማዶክስን በ182 ድምፅ ለ66 መረጠ። ማዶክስ ዝናው የወጣው በምግብ ቤቱ ጥቁሮችን አላስተናግድም በማለቱ ነበር። አዲሱ እንደራሴ ሥራውን የጀመረው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ጎረቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1968 በቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ የማዶክስን መልእክተኞች የሚቃወም ሌላ የጆርጂያ ቡድን መርቶ ከወንበሩ እኩሌታውን አስገኘ። በዚያው ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስሙ ቀረበ፤ ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ሲጠይቅ የእሱ ዕድሜ 28 ስለ ነበረ ስሙን አስነሣ። እስከ 1975 በእንደራሴዎች ምክር ቤት፤ ከዚያም እስከ 1987 በግዛቲቱ ሴኔት አገለገለ።

በሴኔት ሳለ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አትላንታን የያዘው አምስተኛው የኮንግረስ ወረዳ ጥቁሮች በብዛት እንዲመርጡበት ሆኖ እንዲሠራ አጥብቆ ተከራከረ፤ ተሳካለትም። በ1986 ወንበሩ ክፍት ሲሆን ለዚያው ወረዳ ተወዳደረ። ተፎካካሪው የትግል ዘመን ጓደኛው ጆን ሉዊስ ነበር። ቦንድ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕና ዝነኛ፤ ሉዊስ ደግሞ አነጋገሩ የሚጎተት የገበሬ ልጅ። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ 47 ከመቶ፤ ሉዊስ 35 ከመቶ አገኙ። ከግማሽ ያለፈ ስላልነበረ ሁለቱ ለመለያ ምርጫ ቀረቡ። በክርክሩ ላይ ሉዊስ ሁለታችንም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እናድርግ ብሎ በአደባባይ ጋበዘው፤ ቦንድ አልተቀበለም። በሴፕቴምበር ሉዊስ 52 ከመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ከጥቁር መራጮች የሚበዙት ለቦንድ ነበሩ፤ ሉዊስን ያሳለፈው ከነጮቹ መራጮች ያገኘው ድምፅ ነው። ቦንድ ለብዙኃኑ ጥቁር የታገለለት ወረዳ በጥቂቶቹ ነጮች ድምፅ አመለጠው። እኔ በበኩሌ ሉዊስ የሠራው የወዳጅ ሥራ አይመስለኝም፤ ግን በምርጫ ወዳጅነት ስንት ቀን እንደሚቆይ የምታውቁት ናችሁ።

ቦንድ የሴኔት ወንበሩንም ለዚህ ውድድር ሲል ትቶት ስለ ነበር ከምክር ቤት በዚያው ወጣ። ወደ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪነት ዞረ፤ ከ1998 እስከ 2010 ደግሞ የጥንቱ የጥቁሮች መብት ማኅበር የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ሊቀ መንበር ነበር። በ2015 ኦገስት 15 ቀን በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ሉዊስ በኮንግረስ እንደ ተቀመጠ በ2020 ሞተ።

ይህን ሁሉ ለክፍሉ ተናግሬ ስጨርስ ያ ከኋላ ወንበር ያለው ተማሪ እንደገና እጁን አወጣ። ስለ መናገር ነፃነት ሊጠይቅ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን፤ «መምህር፤ ያልገባበት ዓመት ደመወዙስ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ያ የተከለከለበት የሥራ ዘመን ሊያልቅ ተቃርቦ ስለ ነበር፤ ነገሩ ያለፈ ነው ተብሎ መዝገቡ እንዳይዘጋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያልተከፈለው ደመወዝ ነበር።