ገመዱ ተሰክቷል፣ መስመሩ ግን የለም

ዛሬ የማወጋችሁ በገዛ ቤቴ ስለተፈጠረ ነገር ነው። ነገሩ ሲያዩት የላፕቶፕ ብልሽት ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ አንድ ልጅ ባላጠፋው ጥፋት ተወቅሷል፤ የወቀስኩትም እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ያለበት ቤት ሁሉ ሊገጥመው ስለሚችል፣ ብልሽቱንም ወቀሳውንም አብሬ እነግራችኋለሁ።

ልጄ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ፤ አሁን 16 ዓመቱ ነው። እናትና ልጅ በየእሁዱ በላፕቶፕ ይገናኛሉ። በዚህ ወራት እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሳሎን ተቀምጠን ሁላችንም እናወራለን። ከዚያ እኔ ላፕቶፑን ይዤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፤ እናትና ልጅ ብቻችንን የምናወራው አይጠፋም።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ከመክፈቻው እስኪነሳ ቡና ተፈልቶ ይወርድ ነበር። ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጄ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫነበት። ፈጠነ፤ እኔም መረቅሁት። ክፍሌ ከሳሎኑ ራውተር ራቅ ስለሚል ዋይፋዩ ደከም ይላል። ስለዚህ ከራውተሩ ገመድ ተስቦ ክፍሌ ካለች ትንሽ ስዊች ጋር ተገናኝቷል። ከስዊቿ አንዱ ገመድ ወደ ፕሪንተሩ፣ ሌላው ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። ክፍሌ ስገባ ቻርጀሩንና ገመዱን አብሬ መሰካት ልማዴ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ሳሎን ሆነን ደህና ስናወራ ቆይተን፣ ክፍሌ ገብቼ ገመዱን ስሰካ የልጄ ምስል ድርቅ ይላል። መልሼ ሳሎን ስወስደው ይሠራል። እንደገና ክፍሌ ሳስገባው ይሞታል። አንድ እሁድ፣ ልጄ የሆስፒታል ምርመራዋን ውጤት ልትነግረኝ «እማዬ፣ ውጤቱ…» እንዳለች ምስሏ ቆመ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ያቺን ደቂቃ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃታል።

ደንግጬ ልጁን ጠራሁት። «ዊንዶውስ እያለ እንዲህ ሆኖ አያውቅም! ይሄን ሊኑክስ የምትለውን ጭነህ ላፕቶፑን ገደልከው!» አልኩት። እሱ ምንም አልመለሰም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለና ሰጠኝ። ውጤቱ ደህና ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን በደስታዬ ላይ ሆኜም «ልጅሽ ላፕቶፑን አበላሸው» ብዬ ለእናቱ ተናገርኩ። አጠገቤ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። ሹልክ ብሎ ወጣ።

ለብዙ ቀናት ላፕቶፑን አልነካውም። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ስልኩ የሠራው በዚያው በእኛ ቤት ዋይፋይ ነው። ታዲያ ኢንተርኔቱ ካለ፣ ላፕቶፑ ለምን አጣው? በመጨረሻ «ና እስቲ ልጄ፣ እየው» አልኩት። እሱም «እማዬ፣ ከሆነ አጠገቤ ተቀመጪ፤ በኋላ ሌላ ነገር አበላሸ እንዳትዪኝ» አለኝ። ይህቺ ንግግር ሆዴን በላችው። ተቀመጥኩ።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። በብዙ የሊኑክስ ላፕቶፖች ላይ መስመሩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የሚባል ፕሮግራም ነው። ገመድ ስንሰካ ዋይፋዩን አይዘጋውም፤ ሁለቱም ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ መንገድ ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጣል። እንደተለመደው ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600 ነው። ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። ስለዚህ ገመድ ከተሰካ ላፕቶፑ በገመዱ ይሄዳል፤ ገመዱ ሲነቀል ወዲያው በዋይፋዩ ይቀጥላል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፑ «ገመድ አለ» የሚለው ከአጠገቡ ካለው ዕቃ ጋር ስለተገናኘ ነው። የእኛ ላፕቶፕ ከስዊቿ ጋር ተገናኝቷል፤ መብራቷም ብልጭ ድርግም ትላለች። ከስዊቿ እስከ ሳሎኑ ራውተር ያለው ገመድ ቢበጠስ ላፕቶፑ አያየውም። ፕሪንተሩም እዚያችው ስዊች ላይ ስላለ ማተሙን አላቋረጠም። እኔም «ፕሪንተሩ ከሠራ ገመዱ ደህና ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«ታዲያ እንዴት አላወቀም?» አልኩት። ሁለት ምክንያት አገኘ። አንደኛ፣ ላፕቶፑ ገመድ ሲሰካ ራውተሩን አድራሻ መጠየቅ ነበረበት። መልስ ቢያጣ ገመዱን ትቶ በዋይፋዩ ይቀጥል ነበር። ነገር ግን መጋቢት ላይ ፕሪንተሩን ያገናኘልኝ ባለሙያ አድራሻውን በእጁ ጽፎ አስቀምጦታል። የተጻፈ አድራሻ ስላለው ማንንም ሳይጠይቅ «ተገናኝቻለሁ» ይላል። ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ማኔጀር ኢንተርኔት በእርግጥ መኖሩን የሚፈትሽበት መንገድ አለው። ወደ አንድ የታወቀ አድራሻ ትንሽ ጥያቄ ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ካጣ በዚያ መንገድ ቁጥር ላይ 20000 ይጨምርበታል። ያን ጊዜ 600 የሆነው ዋይፋይ ይቀድማል። በእኛ ላፕቶፕ ላይ ይህ ፍተሻ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። ቁም ሳጥኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጌው ነበር፤ እግሩ ገመዱ ላይ ተቀምጦ ጨፍልቆታል። የገፋሁት እኔ፣ ባለሙያውን የጠራሁት እኔ፣ የተወቀሰው ልጁ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥም፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት።

በመጀመሪያ ገመዱን ንቀሉት። ዋይፋዩ ወዲያው ከሠራ ላፕቶፑ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በገመዱ በኩል ነው። ገመዱን እስከ ራውተሩ ድረስ ተከታተሉት፤ በር፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሚረግጡትን ቦታ እዩ። በመካከል ስዊች ካለ፣ ላፕቶፑን በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ ገመዱን መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «አይፒ ራውት» ብላችሁ ጻፉ። ዲፎልት ብለው የሚጀምሩትን መስመሮች ፈልጉ፤ ከሜትሪክ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ያነሰው አሁን የምትሄዱበት ነው። ይህ ማየት ብቻ ነው፤ ምንም አያበላሽም።

ሦስተኛ፣ በሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ከፍታችሁ የገመዱን አድራሻ አውቶማቲክ አድርጉት። በኡቡንቱ ፕራይቬሲ በሚለው ሥር ኮኔክቲቪቲ የሚለውን ፍተሻ አብሩ። ፍተሻው እንደተለመደው በየ300 ሴኮንዱ ስለሆነ፣ ወሬ መሃል መስመር ቢሞት እስከ 5 ደቂቃ ሊያስጠብቅ ይችላል። ካልቸኮላችሁ ጠብቁ፤ ከቸኮላችሁ ገመዱን ንቀሉ።

አራተኛ፣ ገመዱ ሲነቀል ዋይፋዩ በራሱ ካልመጣ፣ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ በራሱ እንዲገናኝ የሚያዘው ምልክት መኖሩን እዩ። ገመድ ሲሰካ ዋይፋዩ ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንድ የቢሮ ላፕቶፖች ገመድ ሲሰካ ዋይፋይን የሚያጠፋ ትእዛዝ ባዮስ ውስጥ አላቸው። ሊኑክሱን ብታፈርሱት አይስተካከልም፤ ባዮስ ተገብቶ ነው የሚዘጋው።

አንድ ነገር ደግሞ አትዘንጉ። ሁሉም ደህና ሆኖ እንኳን ከዋይፋይ ወደ ገመድ ሲዞር የላፕቶፑ አድራሻ ስለሚቀየር፣ የተጀመረ ወሬ ለጥቂት ሴኮንድ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ቁም ነገር ያለው ጥሪ ሲኖር አንዱን መርጣችሁ ከመደወላችሁ በፊት ስኩ፣ ወይም እስኪያልቅ አትስኩ። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው።

አዲስ ገመድ ተገዛ፤ ቁም ሳጥኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። የሚቀጥለው እሁድ ልጄ ስትደውል ከሰላምታው በፊት «ቆይ፣ የምናገረው አለኝ» አልኳት። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ «ላፕቶፑን ያበላሸው ልጅሽ አይደለም፤ ገመዱን በቁም ሳጥን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ያገኘውና የጠገነው እሱ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አንቺም ስሚ» አልኩ። የወቀስኩት በእናቱ ፊት ስለነበር ይቅርታውም በእናቱ ፊት መሆን ነበረበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። «እማዬ፣ ገመዱን ግን አሁንም ከቁም ሳጥኑ አርቀሽ ያዢው» አለኝ።

እኛ አዋቂዎች የማናውቀው ዕቃ ሲበላሽ፣ ጣታችን መጀመሪያ የሚያመለክተው የሚያውቀውን ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ እኔ መጀመሪያ ገመዱን እነቅላለሁ፤ ከዚያ ልጁን «ምን ይመስልሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ቸር ያገናኘን።